«ለጊዜው ነው»

ሰማዩ አባርቶ ቆርቆሮው የማያባራበት ሰፈር ማየት የፈለገ በሐምሌ ከአያት ወዲያ ይውጣ። ዝናቡ ካቆመ ሩብ ሰዓት ቢሆነውም፣ በአጥር ላይ አንገቱን ያሰገገ የጋራዥ ጣሪያ የመንገደኛውን ማጅራት እየመረጠ ያንጠባጥባል። አሸንዳ የለውማ! ባለቤቱ ሲጠየቅ መልሱ አፉ ላይ ናት፤ «ለጊዜው ነው።»

በከተማው ዳርቻ እንደዚህች ቃል የሚያጣብቅ ሲሚንቶ አልተገኘም። ለጊዜው ተብሎ የቆመ ጋራዥ ልጅ ይዳርበታል፣ የልጅ ልጅ ክርስትና ይነሳበታል። መጀመሪያ ለመኪና ነው ይባላል፤ መኪና የለም። ቀጥሎ ጤፍና ከሰል ይገባበታል። ከዚያ መሃሉ በኮምፖርሳቶ ይከፈልና ሁለት ተከራይ ያድርበታል። በስተመጨረሻ በመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳ ይነደልና የላሜራ መዝጊያ ተገጥሞለት ሱቅ ይሆናል። ፕላኑ ላይ ግን እስከ ዛሬ ጋራዥ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንጻን ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ በሦስት መደበ፤ «ለጊዜው» የተባለውን አራተኛ ምድብ ረሳው።

መኪና ያለው ሲሠራውም ብዙ አይሻል። ወርዱን 2.50 ሜትር ይለካል፤ የሚለካው ግን ውጭ ለውጭ ነው። ከግራና ከቀኝ ባለ 20 ሳንቲም ብሎኬት ሲቆም ውስጡ 2.10 ይቀራል። ቪትዝ ወርዷ 1.70 ገደማ ነው። በየጎኑ 20 ሳንቲም! በዚያች ክፍተት በር ከፍቶ የሚወጣ ሰው ሁዳዴን ሳይገድፍ የጾመ ብቻ ነው። ውስጥ ለውስጥ 3 በ5.50 ቢሆን ሰውም መኪናውም በሰላም ባደሩ።

እንግዲህ የሰርቪስ ቤትና የጋራዥ ደንብ ሊሻሻል ነው የሚል ወሬ ሲናፈስ፣ ብሎኬት በየበሩ ይቆለላል። ደንብ የሚጠብቅ የለም፣ የሚቀድመው እንጂ። አይፈረድም። በ1997 ዓ.ም. ከተማው ከአየር ላይ በተነሳው ፎቶ ታየ የተባለ ቆርቆሮ ለይዞታ ማስረጃ ሲሆን ያየ ሕዝብ፣ ጣሪያ ከዝናቡ ይልቅ ለፎቶው እንደሚያስፈልግ ተምሯል።

«ግመል ሰርቆ አጎንብሶ» የሚለው ተረት ለዚህ ሥራ ተለክቶ የተሰፋ ነው። ዓርብ ማታ አሸዋ ይራገፋል፤ ቅዳሜ ግድግዳው ይወጣል፤ እሁድ የላይኛው ማሰሪያ ኮንክሪት ተሞልቶ በዚያው ሌሊት ቆርቆሮ ይመታበታል፤ ሰኞ ቢሮ ሳይከፈት አሮጌ ሸራ ተከናንቦ ከአሥር ዓመት በፊት የነበረ ይመስላል። ኮንክሪት ቢያንስ 7 ቀን ውሃ እየጠጣ መሰንበት እንዳለበት፣ ጉልበቱም የሚለካው በ28ኛው ቀን እንደሆነ ግንበኛው አሳምሮ ያውቃል፤ ግን ማን ጠየቀው? ደግሞ በተረቱ የሚያጎነብሰው ሌባው ነው፤ ግመሉማ እንደቆመ ነው! ግመል እስከ ሻኛው 2 ሜትር ገደማ ይሆናል፣ የግቢ አጥርም እንዲያው። 2.40 የቆመ ጋራዥ ታዲያ ምን ሸራ ይደብቀዋል? እኩለ ሌሊት ቆርቆሮ ላይ የሚያርፈው መዶሻስ?

ቆርቆሮ ከተነሳ አይቀር፣ ጌጅ የሚባለው የውፍረት መለኪያ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ብረቱ ይሳሳል፤ 28ቱ ከ32ቱ ይወፍራል፣ 32ቱ ከ35ቱ። ይህን የማያውቅ ገዢ «ትልቁን ቁጥር ስጠኝ» ሲል ሻጩ ለምን ብሎ ያርመው? ሚስማሩም ጉብታው ላይ መመታት ሲገባው ቦዩ ላይ ይመታል፤ ውሃው የሚሄደው ደግሞ በቦዩ ነው። ለ3 ሜትር ወርድ ከ50 እስከ 60 ሳንቲም ተዳፋት መስጠት ሲገባ 15 ይሰጡትና፣ ሲያፈስ «የዘንድሮ ዝናብ ልዩ ነው» ይላሉ።

እስከዚህ ያለው ያስቃል። የማያስቀው የጎረቤት አጥር ነው። በጎረቤት በኩል መቆም ያለበት 6 ሜትር በ2.40 ግድግዳ 14.4 ካሬ ይሆናል፤ በካሬ 12 ተኩል ብሎኬት ሲታሰብ 180። ይህችን ለመቆጠብ ሲባል ጣሪያው በሰው አጥር ላይ ይጫናል። የአጥር መሠረት ራሱን እንዲሸከም እንጂ የሰው ጋራዥ እንዲያዝል አልተቆፈረም፤ ነፋስ ቆርቆሮውን ባንገጫገጨው ቁጥር ይሰነጠቃል። ተዳፋቱ ወደ ማን ግቢ እንደሚዞርም መገመት አያዳግትም። 3 በ6 ጣሪያ 18 ካሬ ነው፤ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድበት 540 ሊትር ይሰበስባል፤ ሁለት በርሜል ሞልቶ ሦስተኛው ከግማሽ ያልፋል። አንዲት ባልዲ እጣቢ በጎረቤት ደጅ የደፋች ሴት ሽማግሌ ይላክባታል፤ በርሜል ሙሉ ውሃ የጎረቤት ጭቃ ቤት ሥር የሚለቅ ሰው ግን «እየሠራ ነው፣ ጎበዝ» ይባላል። በዚህ ላይ መኪናው እንዲገባለት የመንገዱን ቦይ በድንጋይና በኮንክሪት ይደፍነዋል፤ ከሥሩ ቱቦ መቅበር እያለ! ጎርፉም ተመልሶ ወደዚያው ጎረቤት ይሄዳል።

ደንቡ ከተሻሻለ አይቀር የቤቱን ስም ተወት አድርጎ ውሃው የት እንደሚሄድ ይጠይቅ። አሸንዳና መውረጃ ቱቦ ያልተሳለበት ፕላን አይፈረም፣ በቃ።

ያ ከአያት ወዲያ ያለው ጋራዥ? ተሻሽሏል። ለሁለት የተሰነጠቀ ቢጫ ጀሪካን በሽቦ ታስሮለታል። ድሮ በየቦታው ያንጠባጥብ የነበረው አሁን አንድ ቦታ ላይ፣ በሩ ፊት ለፊት፣ ይዘረግፋል። ለጊዜው ነው።