«ማኅበረሰቡ ተስማምቷል» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጅማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የደን ዳር ቀበሌ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። አጀንዳው ደኑን መከለልና ወሰን ማካለል ነው። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። ቀኑ ሐሙስ ነበር። የጅማን ገበያ የምታውቁ ሐሙስ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ገበያው ሂርማታ ይባል ከነበረበት ዘመን ጀምሮ የታወቀ የገበያ ቀን ነው፤ እንጨት የሚሸጠው፣ ሸክላ የሚሸጠው፣ ማርና ቅቤ ይዞ የሚመጣው ሁሉ ሌሊት ተነስቶ ወደ ከተማ ይወርዳል። ስለዚህ ስብሰባው ላይ የተገኙት ገበያ መሄድ የማይጠበቅባቸው ሰዎች ናቸው። ቡና ያላቸው፣ ከብት ያላቸው፣ የቀበሌ ኃላፊዎች፣ ሽማግሌዎች። ሴቶቹን ቆጥሬያቸዋለሁ። አራት ነበሩ፤ ሁለቱ ቡና ሊያፈሉ የመጡ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ስብሰባው ሲያልቅ የመጨረሻውን መስመር ጻፍኩ። «ማኅበረሰቡ በቀረበው ሐሳብ ላይ በስፋት ተወያይቶ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል።» እንዲህ ብለህ ጻፍ ያለኝ ሰው የለም። እጄ የለመደው አጻጻፍ ነው።

«ማኅበረሰቡ» የሚለው ቃል ከዚያ ወዲህ ያስጨንቀኛል። ስለ ፓርክና ስለ ጥብቅ ደን በሚጻፍ ሪፖርት ሁሉ ውስጥ አለ። ማኅበረሰቡ ተወያየ፣ ማኅበረሰቡ ተጠቀመ፣ ማኅበረሰቡ ካሳ ተከፈለው ይባላል። ማን ነው ግን? ሁለት ሄክታር ቡና ያለው ሰውና እንጨት ሸጣ ጨው የምትገዛ ሴት አንድ ቀበሌ ውስጥ ቢኖሩም ኑሯቸው አንድ አይደለም። ደኑ ሲከለል እሱ ዝናቡ ይስተካከልለታል፣ ንቡ ይበዛለታል፣ ምናልባትም የቡናው ዋጋ ከፍ ይልለታል። እሷ ግን የዛሬ እራቷን ታጣለች። ሁለቱን ደምረን «ማኅበረሰቡ ተጠቃሚ ሆኗል» ስንል እሷን ከወረቀቱ ላይ እያጠፋናት ነው።

አቋሜን በቀጥታ ልናገር። ማንኛውም የፓርክ ዕቅድ፣ ወሰኑ ካርታ ላይ ከመሰመሩ በፊት፣ ማን ምን እንደሚያጣና ማን ምን እንደሚያገኝ በየቡድኑ ለይቶ መጻፍ አለበት። በአማካይ ተሰልቶ አይበቃም። ሴቶች፣ ልጆች፣ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች፣ መሬት የሌላቸው፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ አርብቶ አደሮች፣ ሌላው ሰው አብሯቸው ማዕድ የማይቆርሳቸው ወገኖች፣ ሁሉም በየራሳቸው መስመር ላይ መታየት አለባቸው።

ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ብሪታንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የእኩልነት ሕግ አለ። የመንግሥት አካላት ውሳኔ ሲወስኑ ውሳኔው በዕድሜ፣ በፆታ፣ በአካል ጉዳት፣ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በእርግዝና ምክንያት የተለያየ ሁኔታ ውስጥ ያሉ ሰዎችን እንዴት እንደሚነካ እንዲያስቡበት ያስገድዳል። የብሔራዊ ፓርክ አስተዳደሮችም ከዚህ ውጭ አይደሉም። ስለዚህ የፓርክ ዕቅድ ሲያወጡ ይህን ግምገማ አብረው ይሠራሉ። በእርግጥ የእነሱ ጥያቄ ከእኛ ይለያል። እዚያ ፓርክ ማለት ከተማም መንደርም እርሻም ያለበት፣ ሰው የሚኖርበት አካባቢ ነው፤ ስለዚህ በብዛት የሚጨነቁት በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው መንገዱን ይወጣል ወይ፣ ከተማ ያደገ የስደተኛ ልጅ ፓርኩ የኔም ነው ይላል ወይ በሚለው ነው። የእኛ ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። ፓርኩ ከተከለለ በኋላ ያ ሰው እዚያው መኖር ይችላል ወይ ነው። ጥያቄው ከከበደ ደግሞ ግምገማው ይበልጥ ያስፈልገናል እንጂ አያንሰንም።

ቅርባችን ያለውን እንይ። ከጅማ በጭዳ በኩል ወደ አመያ ስትሄዱ የጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ አለ። በ1997 ዓ.ም. ነው የተቋቋመው፤ በዳውሮና በኮንታ ውስጥ ይገኛል። ዝሆን አለው፣ ጎሽ አለው፣ አንበሳ አለው። ቦታውን ለማየት የታደለ ሰው ለምን እንደተከለለ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። አሁን ደግሞ በኮይሻ ፕሮጀክት ትልቅ ሎጅ ተሠርቶለታል። ደስ ይለኛል፤ ከልቤ ነው የምለው።

ግን በዚያ አካባቢ ማንጃ የሚባሉ ወገኖቻችን አሉ። ከፋ ውስጥ ማንጆ ይባላሉ። ስማቸውን የምጠራው ለማዋረድ አይደለም፤ ስማቸው ካልተጠራ ጉዳታቸውም አይታይም። ለብዙ ዘመን በአደን፣ በማር፣ በማገዶና በከሰል የኖሩ ናቸው። ለእርሻ የሚሆነው ጥሩ መሬት ቀድሞ በሌላው ተይዟል። አብሯቸው የማይበላ፣ ቤቱ የማያስገባቸው፣ በሠርግና በለቅሶ ለብቻ የሚያስቀምጣቸው ሰው ብዙ ነበር፤ ዛሬም አልጠፋም። ለእነዚህ ሰዎች ደኑ ጓዳቸው ነው። አሁን አስቡት። ፓርክ ሲከለል አደን ይከለከላል፣ ከሰል ይከለከላል፣ እንጨት መቁረጥ ይከለከላል። ክልከላው ለሁሉም እኩል ነው፤ ወረቀቱ ላይ ማንጃ ብሎ የለየው ነገር የለም። የሚጎዳው ግን ሁሉንም እኩል አይደለም። በቆሎና እንሰት ያለው ጎረቤት ክልከላው ሲመጣ ትንሽ ይቸገራል። የማንጃው ቤተሰብ መተዳደሪያው ነው የሚቋረጠው።

በስብሰባውስ ማን ይናገርለታል? «የማኅበረሰብ ተወካይ» ተብለው የሚመረጡት የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ድሮውንም አብረውት ለማይቀመጡት ሰው ተወካይ ሆነው ይፈርማሉ። በበኩሌ ከዚህ የባሰ ግፍ አላውቅም፤ የሚንቅህ ሰው በአንተ ስም ሲስማማ።

ሥራውም እንዲሁ ነው። ፓርክ ሲመጣ የሥራ ዕድል ይመጣል ይባላል። ስካውት፣ ማለትም የፓርክ ጠባቂ፣ ለመሆን ትምህርት ይጠየቃል። ሎጅ ውስጥ ለመሥራት ቋንቋ ይጠየቃል። ሁለቱንም ሳያገኝ የኖረ ሰው ከፓርኩ የሚደርሰው ክልከላው ብቻ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ በዚህችው ሀገር በተፈቀዱ የአደን ቀጠናዎች ፈቃድ የከፈለ የውጭ ሰው የደጋ አጋዘን ያድናል። ሕጋዊ ነው፣ ለመንግሥት ገቢ ያመጣል፣ ገባኝ። አያቱ አዳኝ የነበረ ሰው ግን ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ማንም ጠይቆት አያውቅም።

ወደ ሴቶቹ ልመለስ። በእኛ በኩል ከደን የሚመጣው ነገር ብዙው በሴት ጀርባ ነው የሚመጣው። ማገዶ፣ ውኃ፣ ኮረሪማ፣ ጥምዝ፣ ቅጠላ ቅጠል። ቀፎ መስቀል ግን የወንድ ሥራ ነው። ዕቅዱን የሚያወጣው ባለሙያ «በደኑ ተጠቃሚ የሆኑ» ብሎ ሲመዘግብ ቀፎ ያለውንና የጫካ ቡና ያለውን ይመዘግባል፤ እነሱ ይቆጠራሉ፣ ቦታቸውም ይታወቃል። የማገዶ እንጨት መልቀም ግን እንደ ሥራ አይቆጠርም። ስላልተቆጠረም ሲከለከል ካሳ የለውም፣ አማራጭም አይፈለግለትም። ሴትየዋ ወይ ሩቅ ትሄዳለች፣ ወይ በጨለማ ተደብቃ ትገባለች። ተደብቃ ስትገባ ደግሞ ከምን ጋር እንደምትጋፈጥ ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ካሳው ቢመጣ እንኳን ለማን ነው የሚከፈለው? አብዛኛውን ጊዜ ለአባወራው ነው። በስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ የነበሩት የግጭ ነዋሪዎች ከዛሬ አሥር ዓመት ገደማ በፊት ካሳ ተቀብለው ወደ ደባርቅ ወረዱ። ስሜን አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ በ2009 ዓ.ም. ሲወጣ ሁላችንም ተደስተናል። ገብስ ሲያርስ የኖረ ቤተሰብ ግን በአንድ ጊዜ ከተማ ዳር ተቀምጦ ሁሉን በገንዘብ የሚገዛ ሆነ። ገንዘቡ የባል እጅ ሲገባ ሚስት ምን አላት? ሁለተኛ ሚስትስ? በእኛ አካባቢ ይህ የሩቅ ጥያቄ አይደለም፤ ሁለትና ሦስት ሚስት ያለው አባወራ ባለበት ቀበሌ «አባወራ» እያሉ መመዝገብ ማለት ሙሉ ጎጆዎችን መዝለል ማለት ነው።

ልጆችም አሉ። ደን ዳር ያለ ማሳ በቆሎው ሲያፈራ ዝንጀሮና ጦጣ ይወርዱበታል። ሌሊት ከርከሮ ይመጣል። ዝሆን ባለበት ደግሞ ዝሆን። የሚጠብቀው ማን ነው? ቀን ልጁ ከትምህርት ቀርቶ ነው፣ ሌሊት አባቱ ነው። ደን ዳር መሬት የሚደርሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ለሠፈረውና አቅም ለሌለው ነው። እንስሳው በተጠበቀና በበዛ ቁጥር የዚያ ልጅ መቀመጫ ክፍል ውስጥ ባዶ ይሆናል። ይህን ዕቅዱ ላይ መጻፍ የሚከብድ ነገር አይደለም። ከትምህርት ቤቱ የቀሪ ተማሪዎች መዝገብ ጠይቆ በቆሎ ከሚያፈራባቸው ወራት ጋር ማስተያየት ነው።

ሕጉ የለንም እንዳትሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ በሚነኩት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ዕቅድም ሆነ አፈጻጸም ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይናገራል። አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካበት ሰው ተመጣጣኝ ካሳ ወይም ሌላ ማካካሻ እንዲያገኝ ይላል። አንቀጽ 40 አርብቶ አደር ከመሬቱ እንዳይፈናቀል ይጠብቃል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። እኔ የማየው ችግር ሌላ ነው። ፋብሪካ ወይም ግድብ ሲሠራ ጉዳት አለው ብለን ስለምናስብ እንጠይቃለን። ፓርክ ግን በራሱ ጥሩ ነገር ነው ብለን ስለምናምን ጥያቄው ይቀራል። ለዛፉና ለእንስሳው ጥሩ መሆኑ ለሰው ሁሉ እኩል ጥሩ ነው ማለት አይደለም።

«ደኑ በየቀኑ እያለቀ አንተ ስለ ቅጽ ታወራለህ» የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። ስጋታቸው ስጋቴ ነው። ልጅ ሆኜ ጥቅጥቅ ያለ ደን የነበረበት ቦታ ዛሬ ባህር ዛፍና ጫት ሆኖ አያለሁ። ግን የተጎዳው ሰው ዝም ያለ ቢመስልም አይረሳም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በበርካታ ፓርኮች የጥበቃ ጣቢያዎች ተዘርፈዋል፣ ተቃጥለዋል፣ እንስሳት ተገድለዋል። ያን ያደረገው ሌላ አገር መጥቶ አይደለም፤ ያው በሪፖርት ላይ «ማኅበረሰቡ» ሲባል የኖረው ነው። የነጭ ሣር ፓርክንም አስታውሱ። በ1996ና በ1997 ዓ.ም. የኮሬ አርሶ አደሮች ከፓርኩ ወጥተው ሌላ ቦታ ሠፈሩ፤ በጉጂ አርብቶ አደሮች በኩል ደግሞ ከ400 በላይ ጎጆዎች መቃጠላቸው በወቅቱ ተዘግቧል። በአንድ ፓርክ ሁለት ሕዝብ ሁለት ዓይነት አያያዝ አየ። ፓርኩን ሊያስተዳድር የገባው የውጭ ድርጅትም ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ወጣ፤ እንስሳቱም አልዳኑም፣ ቂሙም አልበረደም።

ሌላ መንገድ መኖሩን ደግሞ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የያዩና የከፋ ደኖች በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆነው ሲመዘገቡ ሰውን ጠቅልሎ ማስወጣት አልነበረም የታሰበው። እምብርቱ አይነካም፤ ዙሪያው ላይ ቡናና ማር ይሰበሰባል፤ ከዚያ ውጭ ሰው ያርሳል። እዚሁ ጅማ ዞን በበለጤ-ገራ ደን «ዋቡብ» የሚባሉ የደን ማኅበራት ተመሥርተው ደኑን የሚጠብቁትም የሚጠቀሙትም ራሳቸው ነዋሪዎቹ ሆነዋል። ጥሩ ነው፤ እኔ ይህንን ነው የምደግፈው። እዚያም ቢሆን ግን ጥያቄዬን አልተውም። አባልነቱ በማን ስም ነው? ደኑ ውስጥ ቡና የሌለው ሰው ከማኅበሩ ምን ያገኛል? ሸክላ ሠሪዋ አፈሩንና ማገዶውን ከየት ታመጣለች?

ግምገማው ደግሞ ትልቅ በጀት የሚበላ ነገር አይደለም። ስብሰባው በገበያ ቀን አይሁን። ሴቶች ለብቻቸው፣ ማንጃዎች ለብቻቸው፣ ወጣቶች ለብቻቸው ይጠየቁ፤ ጠያቂው ቋንቋቸውን የሚያውቅ ይሁን። ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ የሚጻፈው የፓርክ ዕቅድ በአካባቢው ቋንቋ ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው። ያልተስማማ ሰው ካለ ያልተስማማበት ምክንያት ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሶ «የተባለው ሆነ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኑር። ይህ መመለሱ ላይ በተለይ ደካሞች ነን።

የዚያን ሐሙስ ስብሰባው አልቆ ወደ ጅማ ስንመለስ መኪናችን መንገድ ላይ ቆመ፤ ጎማ ነበር። ሴቶቹ ከገበያ በእግር እየተመለሱ ደረሱብን። እንጨቱን ሸጠው ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገዋል፤ አንዷ ጨውና ትንሽ ዘይት በፌስታል ይዛለች። ዕድሜዋ ከእናቴ ይበልጣል። ከስብሰባው እንደምንመጣ ስትሰማ አጠገቤ ቆመችና በኦሮምኛ ጠየቀችኝ፤ «ልጄ፣ ደኑ ሲዘጋ እንጨቱን ከየት ነው የማመጣው?»

ቃለ ጉባኤው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመቶበት። «ይነገራችኋል እናቴ» አልኳት።