ትልቁ ራስ የኖሩበት ቤት

በየእግር ጉዞው የማይጠፉትን ታሪክ አዋቂዎቻችንን እግዜር ያቆይልን። ታውቋቸዋላችሁ። ማንም ሳይጠይቃቸው ከፊት ይወጣሉ፣ ጣታቸውን ወደ አንድ ያዘመመ በረንዳ ይቀስራሉ፣ ከዚያ «እዚህ ቤት ምን እንደተደረገ ታውቃላችሁ?» ይላሉ። አናውቅም። እነሱም አያውቁም። ልዩነቱ እኛ ዝም ማለታችን ነው።

ባለፈው እሁድ ከአሜሪካ የመጣች የአክስቴን ልጅ ይዤ ከጊዮርጊስ እስከ ስድስት ኪሎ በእግር ልናዘግም ተነሳን። የጓደኛዬ ጓደኛ ተቀላቀለን። ሥራውን ከምኒልክ ሐውልት ጀመረ። «እምዬ ራሳቸው ቆመው ነው ያሠሩት። ፈረሱን እንኳ የፊት እግሩን አንሱት ያሉት እሳቸው ናቸው» አለ። ሐውልቱ የተመረቀው በ1923፣ በኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ ነው። ምኒልክ ያረፉት በ1906። እና ምን ችግር አለው? ከሞተ በ17 ዓመቱ ወርዶ ሥራ የሚቆጣጠር መሪ ዛሬ ከየት ይገኛል!

ጣይቱ ሆቴል ስንደርስ ልጅቷ ስለተቃጠለው ክፍል ጠየቀች። ያ በጥር 2007 ዓይናችን እያየ የነደደ ነው። እሱ ግን «ጣሊያን ሲወጣ ያቃጠለው ነው» አላት። ያው የኛው እሳት ታሪክ ለመባል ዕድሜው ገና አልደረሰም።

ዶሮ ማነቂያ ላይ የሚቸገር መስሎኝ ነበር። አብዛኛው ሰፈር በ2016 ፈርሷል፤ ጣት የሚቀሰርበት ግድግዳ የለም። በባዶ ቦታ ላይ አይዋሽም ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ዋሸ።

ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስንወርድ ነው እንግዲህ ያቺን የእንጨት በረንዳ ያላት ቤት ያየነው። «የራስ ቤት ነው» አለ። የትኛው ራስ? «ትልቁ»። አምስት እርምጃ ሳንሄድ ቤቱ የምኒልክ ሐኪም ማረፊያ ሆነ። ከዚያ በአገሪቱ የመጀመሪያው ስልክ የጮኸበት ቤት። ስልኩን ያነሳው ማነው? ትልቁ ራስ። ማን ደወለ? ሐኪሙ። ሁለቱም እዚያው ቤት አይደሉም ወይ? «አንዱ ፎቅ፣ አንዱ ምድር ቤት!» አለ፣ ሳያቅማማ። ቤቱ ፎቅ የለውም። «ድሮ ነበረው»። ከዚያ ፎቁን ጣሊያን አፈረሰው፣ ከፎቁ ስር የተቀበረ ወርቅ ተገኘ፣ ወርቁን አንድ ግሪክ ይዞ ጠፋ፣ ግሪኩን ትልቁ ራስ በፈረስ ተከታትለው አዋሽ ላይ ያዙት፣ ፈረሱ ደግሞ (ይቺን በደንብ አድምጡ) ሐውልቱ ላይ ያለው ፈረስ ነው። ከኋላችን ተማሪዎች መከተል ጀምረው ነበር። አንዱ ማስታወሻ ይይዛል።

በዚህ መሃል ልብስ ሲያሰጡ የነበሩ እማማ ቀና አሉ። «ልጄ፣ ይሄን ቤት እኮ አባቴ ከአንድ አርመን ልብስ ሰፊ ነው የገዛው። እዚሁ ነው የተወለድኩት።» ወዳጃችን በርኅራኄ አያቸው። «እማማ፣ እርስዎ ውስጥ ስለኖሩ ነው። ታሪክ ከውጭ ነው የሚታየው» አላቸው። እማማ ለአፍታ አሰቡ። «እና ወርቁ ሁሉንም ነው የወሰደው?» ብለው ጠየቁ።

እስከዚህ ስቄያለሁ። ስድስት ኪሎ ስንደርስ ሳቄ አለቀ። የየካቲት 12 ሐውልት ስር ቆሞ «አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒን እዚችው ቦታ ላይ ገደሉት» አለ፤ ተማሪዎቹም አጨበጨቡ። አልሞተም! ቦምቡ የተጣለው ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ባለበት፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ነው። ቆሰለ፣ ዳነ። የሱ ሰዎች ለ3 ቀን ሰውን ከነቤቱ አቃጠሉ፤ መንግሥታችን ሟቹን 30 ሺህ ብሎ ነው የቆጠረው። ሰውዬው እዚህ ለሠራው ግፍ አንድ ቀን ችሎት ሳይቆም እስከ 1947 ኖሮ ሮም ውስጥ ሞተ። በ2004 ደግሞ አፊሌ የምትባል የጣሊያን ከተማ መታሰቢያ ሠራችለት። ልጆቹን «ገደልነው» ብለህ አስጨብጭበህ ከሰደድካቸው፣ ያን መታሰቢያ ሲሰሙ በምን አንጀታቸው ይቆጡ? ለጭብጨባ ብለህ እኮ ነው ነፍሰ ገዳዩን ዕዳውን ከፍሏል ብለህ ያሰናበትከው!

ይህንኑ ነገርኩት። «አንተ መጽሐፍ ታበዛለህ» ብሎኝ ወደ ማኪያቶው ሄደ።

ትናንት በዚያች የእንጨት በረንዳ በኩል ሳልፍ እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆመዋል። ፊታቸው ሦስት ወጣቶች አሉ። «ስልኩ እዚህ ነበር የተሰቀለው» ይላሉ፣ ምስማሩን እያሳዩ። «ትልቁ ራስ ሲያነሱት አባቴ በዓይኑ አይቷል።» እኔን ሲያዩ ትንሽ ደንገጥ አሉ፣ ከዚያ ጠቀሱኝና እጃቸውን ዘረጉ። መግቢያው 20 ብር ነው።