ፎቶውን ስትልኩ ቀኑን የት ጣላችሁት?

የደሴ፣ የወልድያ፣ የኮምቦልቻ፣ የላሊበላ ሰዎች፣ ይህ ነገር ከማንም በላይ እናንተን ይመለከታል። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን ቆረም ላይ የቀረጸው ምስል በቢቢሲ ሲታይ ዓለም የወሎን ረሃብ አየ። ያየው ግን ፊት ነው፤ የብዙዎቹ ስም አብሮ አልተጻፈም። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እያለ የሚተርት ሕዝብ ያ ጉድለት ሊቆጨው ይገባ ነበር። ዛሬ ካሜራው በገዛ ኪሳችሁ እያለ ያንኑ ትደግማላችሁ፤ ያውም ውሸት ጨምራችሁበት።

መቼና የት እንደተነሣ የማታውቁትን የተፈናቃይ ፎቶ አግኝታችሁ «አሁን ቆቦ ላይ» ብላችሁ ትለጥፋላችሁ። ቆቦ ዘመድ ያለው ሰው ልቡ ይወድቃል። ሁለት ደቂቃ ብትታገሡ ምን ነበረበት? ፎቶው ከዚህ በፊት ኢንተርኔት ላይ የወጣበትን በሚፈልገው ጉግል ሌንስ ላይ ጫኑት፤ ቲንአይ የሚባለው ሌላው መፈለጊያ ደግሞ ውጤቱን ከጥንቱ ጀምሮ ይደረድርላችኋል። ምንም ካልመጣ ግን «አዲስ ነው» ማለት አይደለም፤ ፎቶው ተቆርጦ ወይም ግራው ወደ ቀኝ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። የሱቁን ጽሑፍ፣ ታርጋውን፣ አዝመራውን እዩ። ጥላውንም አትርሱ፦ በእኛ በወሎ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ የሚወድቀው ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ብቻ ነው፤ በሌላው ጊዜ ወደ ሰሜን ነው። የጦሳ ተራራ በየት በኩል እንዳለ የሚያውቅ የደሴ ልጅ በዚህ ሊታለል አይገባም።

ራሳችሁ ስታነሡም ጥፋታችሁ ብዙ ነው። በ4000 በ3000 ፒክስል የተነሣውን ፎቶ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ትልኩታላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ይወርዳል፣ የተነሣበትን ቀንና ሰዓት የያዘው መረጃም ይራገፋል። «እንደ ፋይል» ብላችሁ ላኩት፣ ሙሉውን ይደርሳል። ይሁንና ቦታውም አብሮ ይሄዳልና ሰውን ለአደጋ የሚያጋልጥ ከሆነ የስልኩን የቦታ መመዝገቢያ ከማንሳታችሁ በፊት አጥፉት። ስክሪንሾት ማስረጃ አይባልም። ዋናውን ፋይል አታሳምሩት፣ አትቁረጡት፤ ቅጂውን እንደፈለጋችሁ አድርጉ። ሦስት ቦታ ይቀመጥ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ሚሞሪው ተበላሸ ወይም ፎቶው ጠፋ? ወዲያውኑ ማንሳት አቁሙና ሚሞሪውን አውጡት፤ አዲስ በጫናችሁበት ቁጥር የጠፋው ላይ ሊጻፍበት ይችላል።

ነገሩን ስታነሡ አንድ ከሩቅ (ተራራው ወይም ምናሬው ይግባ)፣ አንድ ከመካከል፣ አንድ ከቅርብ። ከዚያ እዚያው ቆማችሁ ጻፉ፦ ስም እስከ አባት፣ ቀበሌ፣ ምን ሲደረግ እንደሆነ፣ ቀን። ስልኩ የሚመዘግበው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 14:20 ካለ ከቀኑ 8:20 ነው፣ ይህን ሳያስቡ የሚጽፉ ስንቱን ድርጊት ስድስት ሰዓት አዘዋውረውታል! የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግልጽ አድርጉ። ፈቃድ ሳትጠይቁ የተራበ ሕፃን ፊት ላይ አታነጣጥሩ። ለባቲ ሰኞ ገበያ እናቶችም እንዲሁ፤ ለጌጣቸው ሲባል ብቻ ሰው እንደ እቃ አይነሣም።

የቤታችሁስ አልበም? የደሴ ጉምና እርጥበት ፎቶን ከመስታወት ጋር ያጣብቃል። አትላጡት፣ ቀለሙ መስታወቱ ላይ ይቀራል፤ ከነመስታወቱ ፎቶ አንሡት። ስካነር ካለ ለታተመ ፎቶ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ያለ የነጥብ ብዛት)፣ ለ35 ሚሊሜትር ኔጌቲቭ ቢያንስ 2400። ስካነር ከሌለ መስኮት አጠገብ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በሌለበት፣ ፍላሽ አጥፍታችሁ፣ ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ ይዛችሁ፤ ካላችሁ በ2 እጥፍ ሌንስ፣ ጠርዙ እንዳይጎብጥ። ላሚኔት አታስደርጉት፣ የሚጣበቅ ገጽ ያለው አልበምም ውስጥ አትክተቱት። ፎቶ ቤት ሲዘጋ ኔጌቲቩን ከቆሻሻ ጋር መጣልማ ነውር ነው።

ከጀርባው በእስክርቢቶ አትጻፉ፣ ወደ ፊት ያልፋል። ለስላሳ እርሳስ ይዛችሁ አያቶቻችሁ ዘንድ ግቡ፤ ቡናው አቦል ላይ ሳለ ፎቶውን ዘርጉና ከግራ ወደ ቀኝ እየጠቆማችሁ ጠይቁ፦ ይቺ ሁለተኛዋ ማን ናት?