ሊዛችሁ ስንት ዓመት ቀረው?

ለንደን ውስጥ ፍላት ያለውን ሐበሻ ስለ ቤቱ ጠይቁት። የሞርጌጁን ወለድ እስከ ነጥቡ ይነግራችኋል። ለሕንፃው ጥገና የሚከፍለውን ሰርቪስ ቻርጅም እያማረረ ይነግራችኋል። ሊዙ ስንት ዓመት እንደቀረው ስትጠይቁት ግን "ኧረ ብዙ ነው፣ መቶ ምናምን" ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ "ምናምን" ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ ልበል። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ፍላት የገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የገዛው ለተወሰነ ዓመት የመያዝ መብት ነው፤ ሊዝ የሚባለው ይሄ ነው። መሬቱና ሕንፃው የሌላ ነው፤ የኩባንያ፣ የግለሰብ ወይም የካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር)። ዓመቱ ባጠረ ቁጥር ቤቱ ዋጋው ይወርዳል፣ ማራዘሚያው ደግሞ ይወደዳል። አዲስ አበባ ላይ በ99 ዓመት ሊዝ ቦታ ለወሰደ ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይሆንበትም። (ስኮትላንድ ያላችሁ ይህ ጣጣ እናንተን አይነካም፤ ዕድለኞች ናችሁ።)

ከማውቃቸው አበሾች ብዙዎቹ ያሉት መጀመሪያ ከካውንስል በተገዛ ፍላት ውስጥ ነው። በ1980 የታቸር መንግሥት ተከራዮች የካውንስል ቤታቸውን በቅናሽ እንዲገዙ ሲፈቅድ፣ ፍላቶቹ በብዛት የተሸጡት በ125 ዓመት ሊዝ ነው። በብዙ ሕንፃዎች ደግሞ ዓመቱ መቆጠር የሚጀምረው እናንተ ከገዛችሁበት ቀን አይደለም። በሕንፃው ውስጥ የመጀመሪያው ፍላት ከተሸጠበት ቀን ነው። ስለዚህ በ2005 የገዛ ሰው እጁ ላይ ያለው ከሌላ ሰው የተረፈ ዓመት ሊሆን ይችላል። ሒሳቡን እንሥራው። በ1983 የጀመረ የ125 ዓመት ሊዝ በ2108 ያልቃል። በ2028 ላይ 80 ዓመት ብቻ ይቀረዋል ማለት ነው።

80 ለምን? ምክንያቱም ከ80 በላይ ከሆነ ዕዳው ገብስ ነው። ከ80 በታች ሲወርድ ግን ማሬጅ ቫልዩ የሚሉት ነገር ይመጣል። ሊዙ በመራዘሙ ከሚፈጠረው ተጨማሪ ዋጋ ላይ ግማሹ ለመሬቱ ባለቤት ይሄዳል። ተጨማሪው ዋጋ 20 ሺህ ፓውንድ ነው ከተባለ 10 ሺው የእሱ ነው፤ ያውም ከሌላው ክፍያ በላይ። ዛሬ 80 ዓመት ከአንድ ወር የቀረው ሰው ሁለት ወር ቢዘናጋ ይሄ ሁሉ ይጨመርበታል።

"አዲስ ሕግ ወጥቷል አይደል እንዴ?" ትሉ ይሆናል። ወጥቷል። በግንቦት 2024 የጸደቀው ሕግ ማሬጅ ቫልዩን ያስቀራል፣ ማራዘሚያውንም ከ90 ወደ 990 ዓመት ያደርሰዋል። የመሬት ባለቤቶች ከስሰው ነበር፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በጥቅምት 2025 ክሳቸውን ውድቅ አድርጓል። ይህን ስጽፍ ግን እነዚያ ሁለት አንቀጾች ሥራ ላይ አልዋሉም። ዛሬ ነገ እየተባለ ላም አለኝ በሰማይ ሆኗል። ሥራ ላይ ከዋሉት አንዱ፣ ማራዘሚያ ለመጠየቅ ከገዙ በኋላ ሁለት ዓመት የመቆየት ግዴታው መነሣቱ ነው። ከጥር 31 ቀን 2025 ጀምሮ ቤቱን የገዛ ሰው ስሙ እንደተመዘገበ ማራዘሚያ መጠየቅ ይችላል።

"አዲሱን ሕግ ጠብቁ" የሚለው ምክር በየቡናው ላይ እንደ ዕውቀት ይነገራል። ለአንዳንዱ ሰው ይሠራል። ሊዙ 65 ዓመት የቀረው፣ የመሸጥም ሞርጌጅ የመቀየርም ሐሳብ የሌለው ሰው ቢጠብቅ አልፈርድበትም። ማሬጅ ቫልዩው አንዴ ገብቶበታል፣ ሕጉ ከመጣ ይቀርለታል። እሱ እንኳ ቢሆን ብዙ አበዳሪዎች ዓመቱ ከ70 ሲወርድ እንደሚያንገራግሩ ይወቅ።

81 ወይም 82 ዓመት ለቀረው ሰው ግን ይሄ ምክር ቁማር ነው። እሱ አሁን ባለው የ1993 ሕግ መብቱን መጠቀም አለበት፤ በቀረው ላይ 90 ዓመት ይጨመርለታል፣ ለባለመሬቱ የሚከፍለው የመሬት ኪራይም ዜሮ ይሆናል። ዋጋው የሚሰላው፣ ሊዙ እንዲራዘም ለባለመሬቱ በጽሑፍ የሚቀርበው ሴክሽን 42 የሚባለው ኖቲስ በተሰጠበት ቀን ባለው ሁኔታ ነው። ኖቲሱ አንዴ ከገባ፣ ድርድሩ ቢጓተትና ሊዙ በመሐል ከ80 ቢወርድ እንኳ ማሬጅ ቫልዩ አይነካውም። ወጪ አለው፤ የራሳችሁ ጠበቃና የቤት ገማች አለ፣ አሁን ባለው ሕግ ደግሞ የባለመሬቱንም የጠበቃና የገማች ወጪ የምትሸፍኑት እናንተ ናችሁ። ይሄ ያበሳጫል፣ እኔም ያበሳጨኛል። ከማሬጅ ቫልዩው ጋር ግን አወዳድሩት።

ከግል ባለመሬት "በሕጉ ከምትለፋ በስምምነት ባጭሩ እንጨርስ" የሚል ደብዳቤ ከመጣ ሳትጣደፉ አንብቡት። በስምምነት ሲሆን የመሬት ኪራዩ እስከ ድሮው ሊዝ ማብቂያ ሊቀጥል ይችላል። የሚጨመረው ዓመትም በሕግ ከምታገኙት ሊያንስ ይችላል። ርካሽ የመሰለው ነገር እዚያ ውስጥ ነው የሚደበቀው።

ቁጥሩን ማወቅ ከባድ አይደለም። በመንግሥት የመሬት መዝገብ ድረ ገጽ ላይ በ7 ፓውንድ የቤታችሁን መዝገብ ታወርዳላችሁ። ሊዙ መቼ እንደጀመረና ለስንት ዓመት እንደሆነ እዚያ ላይ ሰፍሯል።

ግን ሁሉንም ሸክም በነዋሪው ላይ መጫንም ልክ አይደለም። ካውንስሎች የሰርቪስ ቻርጅ ደብዳቤ በየዓመቱ ይልካሉ። የጣሪያው፣ የሊፍቱ፣ የመተላለፊያ መብራቱ ሒሳብ እስከ ሳንቲሙ ተዘርዝሮ ይመጣል። እዚያው ወረቀት ላይ "የቀረዎት ዓመት ይህን ያህል ነው፣ ከ80 የሚወርደው በዚህ ቀን ነው" የሚል አንድ መስመር ቢጨምሩ ምን ያስከፍላቸዋል? መረጃው እጃቸው ላይ ነው። ሁለት ሥራ ለሚሠሩና የእንግሊዝኛ የውል ወረቀት ለሚያስጨንቃቸው እናቶችና አባቶች ያቺ መስመር ብዙ ሺህ ፓውንድ ታድናለች። የካውንስል ተመራጮቻችሁ ድምፃችሁን ፈልገው በር ሲያንኳኩ ይህችን ጠይቋቸው።