የተሰነጠቀችው ጭድ

ክርክሩ የተነሣው በስብከት፣ ከገና በፊት ከሚታሰቡት ሦስት እሑዶች በመጀመሪያው ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከቅዳሴ መልስ ቡና ተፈልቶ። ቆሎው ሳይጋመስ አንዲት የሦስት ልጆች እናት የጫማ ካርቶን ይዛ ገባች። ካርቶኑ ግርግም መሆኑ ነው። ልጆቿ ሰው በረዱ ቁጥር አንዳንድ ጭድ ይጨምሩበታል፤ ለገና ሕፃኑ የሚተኛበት ይሞላል። ጭዱን ከሰፈሩ ጀርባ ጤፍ ከተወቃበት አውድማ ራሳቸው ለቅመው አምጥተዋል።

ጡረተኛው ጎረቤታችን ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ የነቢያት ጾም እያለ ካርቶን ምን ያደርጋል? ከኅዳር 15 ጀምሮ እየጾምን ነው። ዛሬ ስብከት፣ በሚቀጥለው ብርሃን፣ ከዚያ ኖላዊ። ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ የፈረንጅ ጌጥ!»

«ጋሼ፣ ትንሿ ገና አራት ዓመቷ ነው። አትጾምም። ታዲያ ገናን በምን ትጠብቀው?»

የመካነ ኢየሱስ ምእመን የሆነው ጎረቤታችን እዚህ ላይ ገባ። እነርሱ ዘንድ ከገና በፊት ባሉት አራት እሑዶች በየሳምንቱ አንድ ሻማ ይጨመራል። «ነገሩ በጌጥነት አልተጀመረም» አለ። «እ.ኤ.አ. በ1839 ሐምቡርግ ውስጥ ድሃ አደግ ልጆችን የሚያሳድግ ቪሸርን የሚባል ሰው ነበር። ልጆቹ ገና መቼ ነው እያሉ ቢያስቸግሩት፣ በአሮጌ ጋሪ ጎማ ላይ ሻማ ደረደረላቸው ይባላል፤ ለአዘቦት ቀን ትናንሽ፣ ለእሑድ ትልልቅ። ቀን መቁጠሪያ ነው።»

«ሻማውስ ይሁን፤ እኛም ‹ፈኑ ብርሃነከ›፣ ብርሃንህን ላክ፣ እንላለን» አሉ ጋሼ ለዘብ ብለው። «የእጅ ሥራ ካላችሁ ግን የገና ዱላ ነበር። ጫካ ገብተን ቆልመም ያለ እንጨት መርጠን፣ ልጠን፣ በእሳት ለብልበን፣ ሩሩን ጠርበን...» ቡናው ሁለተኛ እስኪደርስ አላቆሙም። (ለእጅ ሥራ ጥብቅና እንደቆሙ አልታወቃቸውም፤ የነገራቸውም የለም።)

ይህ ሁሉ ሲሆን መካከለኛው ልጅ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አንዲቷን ጭድ በጥፍሩ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቃት። ሁለቱንም ቁራጭ ቀስ አድርጎ ወደ ካርቶኑ ሰደደ። ታላቅ እህቱ አየችው።

«እማዬ፣ አጭበረበረ! አንድ ጄሪካን ብቻ ነው የተሸከመው!»

ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ አራተኛ ፎቅ ብቻቸውን ለሚኖሩት አሮጊት የሚቀዱት ልጆች ናቸው። ጋሼ ሳቃቸው ገነፈለ። «ይኸው! ለጽድቅ ደረሰኝ ቆረጣችሁለት!»

«ሳይቆጠርለት ጄሪካን የሚያነሣ ልጅ ካለ ያሳዩኝ» አለች እናትየዋ፣ ፊቷ ቀልቶ። መልስ የሰጣት አልነበረም።

እኔም የለኝም። ልጁ ግን ለእኔ ጥፋተኛ አይደለም፤ ጄሪካኑን እስከ አራተኛ ፎቅ አድርሷል። የተበላሸው እህቱን ሒሳብ ያዥ ያደረጋት ነገር ነው። ወንጌሉ ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ሲል፣ ካርቶኑ ሳሎን መሃል ተቀምጦ ቀኝና ግራን ያፋጥጣል። ስለዚህ ካርቶኑ አይጣል፤ አሮጊቷ ቤት ይውጣ። ጭድ ሊጨምር የሚወጣ ልጅ ባዶ እጁንም ቢሆን ቤታቸው ይገባል፣ ይስማቸዋል፣ የልጅነታቸውን ገና ያወሩለታል። ስንት ጭድ እንደገባ የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ይሁኑ።

የጋሼን ዱላ በተመለከተ፣ ቢላዋ ከእኔ። እንጨቱን እርሳቸው ያምጡ።