ክርክር፦ መድኃኒቱ ይምጣ ወይስ እኛ እንሂድ?

ጥያቄው አጭር ነው። የኤች.አይ.ቪ ሕክምናና ክትትል በጎንደርና በዙሪያዋ ይስፋፋ ሲባል፣ ገንዘቡም ባለሙያውም በመንግሥት ሆስፒታሎች በኩል ይሂድ? ይሂድ የሚሉት በአንድ ሆስፒታል የኤ.አር.ቲ (የኤች.አይ.ቪ መድኃኒት) ክፍል ለ19 ዓመት የሠሩ ጤና መኮንን ናቸው። አይሆንም የሚሉት 60 ዓመትን የተጠጉ የአዘዞ እናት ናቸው። መድኃኒቱን ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ይወስዳሉ፤ አዲስ ጀማሪዎችን በማበረታታትም ሠርተዋል። ሁለቱም ስማችን ይቅር ብለዋል። የተከራከሩት በጽሑፍ ነው።

ጤና መኮንኑ፦

እትዬ፣ በቅድሚያ አክብሮቴ ይድረስዎ። ሥራ ስጀምር ብዙው ታካሚ በሰው ተደግፎ ነበር የሚመጣው። ዛሬ በእግሩ መጥቶ በእግሩ ይሄዳል። በቀን አንዲት ፍሬ ውጦ ሥራውን ይሠራል። ስለዚህ የአሁኑ ችግር ኪኒን ማደል አይደለም።

በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር የ35 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ 55ን ደፍኗል። ደም ግፊት አለው። ስኳር አለው። ኩላሊቱ መታየት አለበት፤ ከምንሰጠው መድኃኒት አንዱ፣ ቴኖፎቪር፣ ኩላሊት ላይ ጫና ሊያሳድር ይችላል። ሴቶቹ የማኅፀን ጫፍ ካንሰር ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። ይህን ሁሉ ጤና ጣቢያ ላይ ላለች አንዲት ነርስ መጫን ግፍ ነው።

ደግሞ የእኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው። ካላዛር፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው በሽታ። አንድ ቀን የደምቢያ ልጅ መጣ። ሰሊጥ አጭዶ ከመተማ የተመለሰ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ወባ ነው ሲባል ከርሟል። ከመክሳቱ የተነሳ ሱሪውን በሲባጎ አስሮታል፤ ሆዱ ግን ተነፍቷል። ሳስተኛው ጣፊያው እስከ እምብርቱ ወርዶ በእጄ ይዳሰሳል። ካላዛር ነው። ስንመረምረው ኤች.አይ.ቪም አለበት። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያባብሳል። ካላዛሩ ዳነ ሲባል ያገረሻል፤ ታክሞ እንደገና ያገረሻል። እንዲህ ያለው ሰው አልጋ ይዞ፣ መርፌ እየወሰደ ነው የሚታከመው። የትኛው ጤና ጣቢያ ነው ይህን የሚችለው?

ስለዚህ ደባርቅ፣ አይከል፣ ቆላ ድባ፣ ገንዳ ውኃ ያሉት ሆስፒታሎች ይጠናከሩ ነው የምለው። ላብራቶሪ፣ ሐኪም፣ አልጋ ይኑራቸው። ጎንደር ድረስ የባሰበት ብቻ ይምጣ። እኔ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ የልጅ ልጅ ነኝ። ሆስፒታል ምን ማድረግ እንደሚችል አውቃለሁ።

እትዬ፦

ልጄ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። ከመጨረሻው ልጀምር። ያ ኮሌጅ ለምን ተከፈተ? ደምቢያ ላይ ወባ ሕዝቡን ፈጅቶት አይደል? ጤና መኮንኑ፣ ነርሷና ሳኒታሪያኑ (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው) አንድ ላይ ቆላ ድባ ወርደው እንዲሠሩ አይደል? አባቶችህ ወደ በሽተኛው ወረዱ። አንተ በሽተኛው በሚኒባስ ወደ እኔ ይምጣ ትላለህ።

መምጣት ምን እንደሆነ ልንገርህ። ከገጠር የምትመጣ አንዲት ሴት አውቃለሁ። ለትራንስፖርት ዶሮ ትሸጣለች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ትነሳለች። ለባሏ እህቴ ታማለች ትለዋለች። ካርድ ክፍል ተሰልፋ፣ ተራዋን ጠብቃ፣ የ6 ወር መድኃኒቷን ትቀበላለች። 180 ፍሬ ነው። ከዚያ ሽንት ቤት ገብታ ምን ታደርጋለች መሰለህ? የብልቃጡን ወረቀት በጥፍሯ ትልጣለች። ውስጡ ጥጥ ትጠቀጥቃለች፤ ሚኒባሱ ኮረኮንቹ ላይ ሲዘል ኮሽ እንዳይል። ከዚያ በርበሬ ከረጢት ውስጥ ትቀብረዋለች። ጉምሩክ የምታልፍ ነው የምትመስለው።

እኔን ራሴን አንድ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ከነአባቴ ስም ጠርተው «የኤ.አር.ቲዋ አንቺ ነሽ?» ብለውኛል። የት እንደሆነ ይቅር። የአከራዬ እህት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር። በሳምንቱ አከራዬ ቤቱን ለልጇ ፈለገችው።

መድኃኒቱ ሰፊው ሕዝብ ዘንድ የደረሰውም ነርሶች በየጤና ጣቢያው ማስጀመር ሲፈቀድላቸው ነው። ሐኪም ብቻ ይስጥ ተብሎ ቢቀር ኖሮ፣ ዛሬ ከማን ጋር ትከራከር ነበር?

ጤና መኮንኑ፦

የደምቢያዋ ነገር ነክታኛለች፣ ተቀብያለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ አይቆጡኝ። እርስዎ መድኃኒት የሚወስዱት ሁልጊዜ ከሰፈርዎ ጤና ጣቢያ ነበር?

ይህን የምጠይቀው እኔ ጋ ከደባርቅ፣ ከአዲስ ዘመን ሰው ስለሚመጣ ነው። ቅርባቸው ያለውን አልፈው ነው የሚመጡት። የጎንደሩ ደግሞ ባሕር ዳር ይሄዳል። ለምን? የጤና ጣቢያው ዘበኛ የክርስትና አባቱ ነው። ካርድ የምታወጣው ዕቁብተኛው ናት። ሆስፒታል ግን ሰው በሰው ላይ ነው፤ ማን ለጥርሱ፣ ማን ለዚህ እንደመጣ አይለይም። ግርግሩ ጋቢ ነው፤ ያለብሳል። ስም እየጠራ ያሳፈረዎት ሰው ጥፋተኛ ነው፤ ሕንፃው ምን አደረገ? እርግጥ የኤ.አር.ቲ ክፍልን ለብቻው ጥግ ላይ ማድረጋችን ስህተት ነበር። ከግፊትና ከስኳር ታካሚው ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጡ፣ አንድ በር ይግቡ።

ገንዘቡስ? እርስዎ የሠሩትን ሥራ፣ አዲሱን ማበረታታት፣ የጠፋውን ቤቱ ድረስ ሄዶ መፈለግ፣ ማን ነበር የሚከፍለው? በአብዛኛው እርዳታ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. አሜሪካ እርዳታዋን ድንገት ስታቆም በኮንትራት የተቀጠሩ ሺዎች የጤና ሠራተኞች ሥራ አጡ። ሆስፒታል ግን ከመንግሥት ግምጃ ቤት በጀት አለው። ቢያንስ በአንድ ደብዳቤ አይዘጋም።

እትዬ፦

አልቆጣም። እውነትህን ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አዘዞ እየኖርኩ መድኃኒቴን የምወስደው ከባሕር ዳር ነበር። እህቴን ልጠይቅ ነው እያልኩ። ባሕር ዳር እህት የለኝም።

ግን ያ ጋቢህ መንገድ ሲዘጋ ማንን ያለብሳል? በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግጭቱ ሲነሳ እኔ ወደ ሰፈሬ ጤና ጣቢያ ተመልሼ ነበር። ቀጠሮዋ እዚያ ማዶ የነበረ ጓደኛዬ ግን አራት ፍሬ ቀርቷት ማታ በሬን አንኳኳች። ከራሴ 10 ቆጥሬ፣ በመሀረብ ቋጥሬ ሰጠኋት። ሐኪም ይህን እንደማይመክር አውቃለሁ። ሐኪሙ ግን መንገድ ማዶ ነበር።

ጠበል የገባውንስ? አቡነ ጳውሎስ ሳይቀሩ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው ነበር። ያንን እዚያው ወርዶ የሚነግረው ማን ነው? ሆስፒታል እግር የለውም። እኔ ሄጃለሁ። አንድ ሰው ለማሳመን ሦስት ቀን አብሬው ቆሎ ቆርጥሜያለሁ። ደመወዙ ተቆረጠ ማለት ሥራው አላስፈለገም ማለት አይደለም። መደብ ይከፈትለትና ከዚያው ግምጃ ቤት ይከፈል።

የደምቢያውን ልጅ ወስደህ አክመው፤ እሱ ያንተ ነው፣ አልከራከርህም። ኩላሊቱንም ካንሰሩንም ውሰድ። እኔ ግን ጤነኛ ነኝ። የሚያስፈልገኝ ኪኒኔና አንዲት ወረቀት ናት። ቫይራል ሎዴ፣ ማለትም በደሜ ያለው የቫይረስ መጠን፣ ከታየ በኋላ፣ ቫይረሱ በደምሽ አይታይም የምትለዋ። በ6 ወር ቀጠሮዬ ላይ የምታቆየኝ እሷ ናት። ባሌም ወደ እሱ እንደማይተላለፍ ያመነው እሷን አይቶ ነው።

ደሜን ጤና ጣቢያ ይቀዱታል። ወደ እናንተ ይላካል። ባለፈው ስጠይቅ «ውጤቱ ገና ከሆስፒታሉ አልመጣም» አሉኝ። ሁለት ወር አለፈው። ሆስፒታሎችህን ከማጠናከርህ በፊት፣ እስኪ ያቺን ወረቀት በስንት ቀን ትልክልኛለህ?