እርማት፦ ግልገል አቅፎ መዋል የለም

ሆለታ አጠገብ ባለው፣ ቦርን ፍሪ የተባለው የእንስሳት ተቆርቋሪ ድርጅት በሚያስተዳድረው «እንስሳ ኮቴ» በተባለ የዱር እንስሳት መጠለያ በበጎ ፈቃድ ልታገለግል ለምትመጣው እህታችን «በመጀመሪያው ቀን የአቦሸማኔ ግልገል ታቅፈሽ ትውያለሽ፤ ሲያድግ ደግሞ ጫካ ይለቀቃል» የሚል ምክር ተሰጥቷል። ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ሁለቱም ግን ልክ አይደሉም።

ደህና መጠለያ እንግዳን ግልገል አያስታቅፍም። የሚያስታቅፍ ካጋጠመሽ ጠርጥሪ፣ ከገንፎ ውስጥም ስንጥር አይጠፋም። የመጀመሪያው ቀን ሥራ ቦቲ ተጫምቶ ፍግ መዛቅ፣ የውኃ ገንዳ መፈግፈግ፣ ለጦጣዎች ካሮትና ጎመን መክተፍ ነው። ጉንፋን ከያዘሽማ ጦጣዎቹ ጋር ድርሽ አትዪም፤ የእኛ በሽታ ቶሎ ይጋባባቸዋል።

የመለቀቁ ነገር ይበልጥ ይከብዳል። አቦሸማኔ ከእናቱ ጋር 18 ወር ገደማ የሚቆየው አደን ሊማር ነው። እናት ነፍሱ ያልወጣ የሚዳቋ ግልገል ይዛ ታመጣና ፊቱ ትለቅለታለች። ያሳድዳል፣ ያመልጠዋል፣ ደግሞ ይሞክራል። ከሶማሌ ክልል በሶማሌላንድ በኩል ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች በኮንትሮባንድ ሊሻገር ሲል የተያዘ ግልገል ይህን ትምህርት ከየት ያምጣው? (ኤምሬትስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ሕግ አውሬን ቤት ማሳደግ ከልክላለች፤ ገበያው ግን ጨርሶ አልጠፋም።) ሰው ስለለመደም ቢለቀቅ የሚያመራው ወደ ፍየል በረት ነው። ስለዚህ አብዛኞቹ ዕድሜያቸውን እዚያው ሰፊ አጥር ውስጥ ይጨርሳሉ።

ሁሉም እንስሳ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ከእናቱ ምንም የማይማር እንደ ኤሊ ያለው ወደ ዱር ሲመለስ ብዙም አይቸገርም።